ዓላማ የራቃቸው ወጣቶች ከየት ይጀምሩ?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ትምህርት ሚኒስቴር በጥር 2015 ዓ.ም. ሲያሳውቅ፣ በተከታዩም ዓመት አኃዙ 3.2 በመቶ ላይ ሲቀር፣ በሰሜን ሸዋ ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ አረርቲ ባሉ ብዙ ቤቶች 12 ዓመት ሙሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲታሰብ የኖረ ሕይወት በአንድ ቀን መድረሻ አጣ። በየወረዳው በጸጥታ ችግር ምክንያት ትምህርት የተቋረጠባቸው ጊዜያትም ተጨመሩበት። በሌላ በኩል ደግሞ ዲግሪ ይዘው ሥራ ያላገኙ፣ ሥራ አግኝተውም ጠዋት ከአልጋ የሚነሡበት ምክንያት የጠፋባቸው ወጣቶች አሉ። ይህ መመሪያ ለእነዚህ ሁሉ የተጻፈ ሲሆን፣ የተመሠረተውም በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ የሕይወት ዓላማ የሚታወቀው ሌላ ሰው የሚጠብቀውን አንድ ኃላፊነት ተቀብሎ፣ ለተቆረጠ ጊዜ በትጋት ሠርቶ፣ ከዚያም የሆነውን በመመርመር ነው። ቤት ዘግቶ ማሰብ የሚጠቅመው ሊታሰብበት የሚችል ሥራ ከተሠራ በኋላ ነው።

የጠፋባችሁን ለይታችሁ እወቁ

«ግራ ገብቶኛል» የሚል ወጣት ሁሉ አንድ ዓይነት ችግር የለበትም። አንዱ የሚፈልገውን የሚያውቅ፣ ነገር ግን መንገዱ የተዘጋበት ነው፤ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለመሆን ሲያስብ ኖሮ የፈተናው ውጤት ከለከለው። ሌላው መንገዱ ያልተዘጋበት፣ ግን ወዴት እንደሚወስደው የማያውቅ ነው፤ የተመደበበትን የትምህርት ክፍል ይማራል ወይም ተመርቆ ማስረጃውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ እሱ ራሱ የመረጠው ግን አንድም ነገር የለም። ሦስተኛው ሥራም ደመወዝም እያለው ቀኑ ባዶ የሆነበት ነው። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ምክር ማስተናገድ ጉዳት አለው፤ መንገዱ ለተዘጋበት «በርታ፣ ተስፋ አትቁረጥ» ማለት ያንኑ የተዘጋ በር እየደጋገመ እንዲመታ ማድረግ ሊሆን ይችላል።

መንገዱ የተዘጋበት ሰው ራሱን መጠየቅ ያለበት በዚያ መንገድ ሊደርስበት ያሰበው ምን እንደነበር ነው። አንዲት ልጅ ሐኪም ለመሆን የፈለገችው የታመመ ሰው አጠገብ ሆና መርዳት ስለሚያረካት ከሆነ፣ ነርስነትም፣ አዋላጅነትም፣ የላቦራቶሪ ሙያም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ወደዚያው ያደርሷታል። የፈለገችው ሐኪም የሚያገኘውን ክብር ከሆነም ሳታፍር ለራሷ ልትናገረው ይገባል፤ ክብር መፈለግ ነውር አይደለም፣ ክብር የሚገኝበትም መንገድ ብዙ ነው። ጉዳት የሚመጣው ሁለቱ ተደባልቀው ሲኖሩና የትኛው እንደጎደለ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

በዚህ ረገድ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በመንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በተባለ መንደር በ1924 ዓ.ም. የተወለደውን የአበበ ቢቂላን ሕይወት ልብ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ዕድሜውም 28 ዓመት ነበር። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን ደገመው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ከእንቅስቃሴ ውጭ ሆኑ። ለሕክምና እንግሊዝ አገር በሄደበት ጊዜ ቀስት መወርወር ተለማመደ፤ በ1962 ዓ.ም. በዚያው አገር በተደረገ የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች ውድድር ላይ ተሰለፈ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ ተሽከርካሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። ሩጫው ቀርቷል፤ መወዳደርና ኢትዮጵያን መወከል ግን በሌላ መንገድ ቀጥለዋል። የሰው ዓላማ ዓላማው ከሚሠራበት መንገድ የሰፋ መሆኑን ከዚህ ይልቅ የሚያሳይ ታሪክ በአካባቢያችን አላውቅም። ዕድሜውንም ሆን ብዬ ጠቅሻለሁ፤ በ22 ወይም በ23 ዓመቱ «ጊዜዬ አልፏል» የሚል ወጣት ብዙ ነውና።

ሕመም ሲሆን

ወደ ቀጣዩ እርምጃ ከመሄዳችን በፊት መነገር ያለበት ነገር አለ። አንድ ሰው ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን አብዛኛውን በሐዘን ወይም በባዶነት ስሜት ካሳለፈ፣ ቀድሞ ያስደስተው የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣበት፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ከተዛባ፣ ድካሙ ሥራ ሳይሠራ የሚመጣ ከሆነ፣ ያለበት ችግር የዓላማ እጦት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ድባቴ የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ይህም ሕክምና አለው። በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳችሁ ስሜታችሁን ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ካስፈለገም ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ወይም አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይልኳችኋል። ስለ ሞት ማሰብ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ደግሞ አንድ ቀንም አትቆዩ፤ ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩት፣ ብቻችሁንም አትደሩ።

በአካባቢያችን ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመው መጀመሪያ የሚያስበው ጸበልን ነው፤ ሸንኮራ ዮሐንስ የሚሄደው ሰው ብዛት ይህን ይመሰክራል። እምነቱን የሚነካ ነገር አልናገርም፤ ጸበሉም ጸሎቱም ይቀጥል። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን ጸበል ስለገቡ ማቋረጥ አይገባም፤ ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ።

አንድ ሳምንት መዝግቡ

ደብተር ያዙና ለ7 ቀናት በየማታው የዕለቱ ሰዓት የት እንደሄደ ጻፉ። ስንት ሰዓት በስልክ ላይ፣ ስንት ሰዓት በውርርድ ቤት፣ ስንት ሰዓት በጫት ወይም በአረቄ ዙሪያ፣ ስንት ሰዓት በቤት ሥራ፣ ስንት ሰዓት ሰው በመርዳት እንዳለፈ በትክክል ይስፈር። ደብተሩን ለማንም ስለማታሳዩ መዋሸት አያስፈልግም። ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ሁለት ነው። በሚቀጥሉት ወራት ለሙከራ ልታውሉት የምትችሉት ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሳይታዘዛችሁና ሳይከፈላችሁ የምትሠሩት ነገር ካለም ይታያችኋል። የጎረቤት ልጅ የቤት ሥራ ማስረዳት፣ የተበላሸ ሬዲዮ መፍታት፣ የተጣሉ ጓደኞችን ማስታረቅ፣ የእናትን የገበያ ሒሳብ መያዝ፣ እነዚህ ሁሉ ቦታ አላቸው።

ሌሎች የሚያዩባችሁን ጠይቁ

ሰው ያለልፋት የሚሠራውን ነገር ሁሉም ሰው እንደ እሱ የሚሠራው ስለሚመስለው፣ ተሰጥኦውን ብዙ ጊዜ የሚያየው ሌላ ሰው ነው። በ1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለደው ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ገና በ15 ዓመቱ ገደማ ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር። በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ መምህራኑ የሥዕል ችሎታውን አይተው አበረታቱት፤ ምሕንድስናውን ትቶም በለንደን ሥነ ጥበብ ተማረ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋው የባለቀለም መስታወት ሥራ የዚህ ውጤት ነው። መምህራኑ ያዩትን ባይነግሩት ኖሮ ለምሕንድስና የሄደው ልጅ ምን ይሆን እንደነበር መገመት አይከብድም። እኛ ዘንድ ጎበዝ ልጅ ሁሉ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆን ስለሚጠበቅ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ የሚናገር ሰው ሆን ተብሎ መፈለግ አለበት።

ስለዚህ አራት ወይም አምስት ሰዎች ምረጡ፤ ያስተማራችሁ መምህር፣ አብሯችሁ የሠራ ሰው፣ ታላቅ ወንድም ወይም እህት፣ በሰፈሩ የተከበሩ አንድ አባት ወይም እናት ይኑሩበት። ከእነዚህ አንዱ ብዙም የማይወዳችሁ ሰው ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል። «ምን ልሁን?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ እንዲህ ከተጠየቁ አዋቂዎች የሚመልሱት የሚያውቁትን የሥራ ስም ነው፣ «መንግሥት ቤት ግባ» ወይም «ንግድ ይሻልሃል» ይላሉ። ስላዩት ነገር ጠይቋቸው። ለምሳሌ ለአንድ አዛውንት እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «አባባ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። ሰው ለምን ዓይነት ጉዳይ እኔን ሲፈልግ አይተዋል? ምን ስሠራ ትዕግሥቴ ሲበዛ፣ ምን ስሠራስ ቶሎ ስሰለች አስተውለዋል?» ጥያቄውን በመንገድ ላይ አታንሡ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ቡና በተፈላበት ሰዓት ቤታቸው ሂዱ፣ የሚሉትን ሳታቋርጡ ስሙ፣ ከቤት ስትመለሱ የተናገሩትን በራሳቸው ቃል ጻፉ። የሸዋ አዛውንት ሲያሞግስም ሲነቅፍም ነገሩን በምሳሌና በዙሪያ ጥምጥም ስለሚያቀርበው፣ ያልገባችሁን «እንዴት ማለትዎ ነው?» ብሎ ደግሞ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከተሰበሰበው ውስጥ ምስጋናን ለብቻው አስቀምጡት። «ጨዋ ልጅ ነህ» ደስ ይላል፤ መንገድ ግን አያሳይም። ዋጋ ያለው፣ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ የደገሙት ነገር ነው። መምህሩም እኅታችሁም «ነገር ስታስረዳ ሰው ይገባዋል» ካሉ፣ ይህ ለሙከራ የሚበቃ መነሻ ነው።

በአካባቢያችሁ የጎደለውን ተመልከቱ

የተሰጥኦ ግማሹ በእናንተ ዘንድ ነው፤ ሌላው ግማሽ ያ ተሰጥኦ በሚፈለግበት ቦታ ይገኛል። ወጣቶች ዓላማን ሲያስቡ ዓይናቸው ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ባሕር ማዶ ስለሚሄድ፣ የተወለዱበት ወረዳ የሚጠይቃቸውን ሥራ አያዩትም። ይህ በጣም የሚያሳስበኝ ጉዳይ ስለሆነ አንድ ምሳሌ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

የመንዝ በግ ብርድ የሚችል፣ በጥቂት ግጦሽ የሚኖር፣ ለሥጋውም ለጸጉሩም የሚፈለግ ዝርያ ነው። የገበያ ችግር ግን አለበት፤ ገንዘብ ያስፈለገው ገበሬ ቶሎ ያደገውንና ጥሩ ዋጋ የሚያወጣውን ወንድ በግ ቀድሞ ስለሚሸጠው፣ ለዘር የሚቀረው ደካማው ይሆናል። ይህን ለመለወጥ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከአጋሮቹ ጋር ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመንዝ ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ሥራ ጀመረ። የሥራው መሠረት መዝገብ ነው፤ እያንዳንዱ ግልገል ሲወለድ ቀኑ፣ እናቱ፣ የልደት ክብደቱ ይጻፋል፣ ጡት ሲጥልና ከዚያም በኋላ ዳግመኛ ይመዘናል። ከዚያ ገበሬዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው መዝገቡንም የበጉንም ቁመና አይተው አውራ በግ ይመርጣሉ፤ የተመረጠውንም በጋራ ይጠቀሙበታል። እንዲህ ያለው ሥራ ከቤት ቤት እየዞረ የሚመዝንና የሚጽፍ፣ ገበሬው የሚያምነው፣ አኃዝ የማይሳሳት ሰው ካላገኘ አይጸናም። ይህን ሥራ ለመሥራት የ12ኛ ክፍል ማለፊያ ነጥብ አያስፈልግም፤ ማንበብና መጻፍ፣ ታማኝነት፣ በውርጭ ጠዋት መነሣት ግን ያስፈልጋል። 50 ከመቶ ሳያመጣ ከሞላሌ ወይም ከመሐል ሜዳ ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ለዚህ ብቁ ነው፤ ራሱን «የወደቀ» ብሎ ቤት መቀመጡ ያሳዝናል።

ሌላውም አካባቢ የራሱ ጥያቄ አለው። በሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ቲማቲም በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል፤ የማከማቻና የገበያ መረጃ ነገር የሚያስብበት ሰው ይፈልጋል። ባና እና ዝተት የተባሉትን የበግ ጸጉር ልብሶች የሚሠሩ እጆች እያረጁ ነው። የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን ለማየት ለሚመጣው እንግዳ መንገድ መሪ፣ ለሣሩም ጠባቂ ይሻል። በደብረ ብርሃን ከተማ በፋብሪካዎቹ ብዛት የተነሣ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ፣ ብየዳ የሚችል፣ ማሽን የሚጠግን ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል። በየቀበሌው ደግሞ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ ማንበብ የማይችል ልጅ አለ።

ሰፈራችሁን በዚህ ዓይን ለአንድ ሳምንት ዙሩ፤ ሰው ደጋግሞ የሚያማርርበትን ጉዳይ ጻፉ። ከዚያ ሌሎች ስለ እናንተ ከተናገሩት ጋር አስተያዩትና የሚገጥም አንድ ነገር ምረጡ።

ከመስቀል እስከ ገና

የመመሪያው ዋና ክፍል ይህ ነው። የመረጣችሁትን አንድ ሥራ፣ ሌላ ሰው በሚጠብቃችሁ ሁኔታ፣ ለሦስት ወር ከግማሽ ያህል ሥሩት። ከመስቀል እስከ ገና ያለው ጊዜ ልክ ይሆናል፤ መጀመሪያው ደስታ እስኪያልቅና ሥራው ራሱ እስኪታይ ድረስ የሚበቃ ነው፣ ካልተሳካም ዕድሜ አይበላም። በቆላ የምትኖሩ ወይም በመስኖ ሥራ ላይ ያላችሁ ከገና እስከ ፋሲካ ብታደርጉት ሊመቻችሁ ይችላል። አዝመራ በሚሰበሰብበት በኅዳር ወር ቤተሰብ ጉልበታችሁን እንደሚፈልግ አስቀድማችሁ አስሉ።

ሙከራው ሙከራ እንዲሆን የሚጠብቃችሁ ሰው መኖር አለበት። በጋራዥ ወይም በእንጨት ሥራ ቤት የምትለማመዱ ከሆነ ባለቤቱ በስንት ሰዓት እንደምትገቡ ይወቅ። ልጆችን ማንበብ የምታስተምሩ ከሆነ ርእሰ መምህሩ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤቱ ክፍልና ቀን ይመድብላችሁ፤ በይፋት በኩል ያላችሁ ሙስሊም ወጣቶችም በመስጊዳችሁ በኩል ይህንኑ ማድረግ ትችላላችሁ። በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብ የምትይዙ ከሆነ ሰብሳቢው የሰጧችሁ የተወሰነ ሥራ ይኑር። በራስ ፈቃድ ብቻ የተያዘ ሥራ ብርድ በበረታበት ቀን ይቀራል፤ የሚጠብቅ ሰው ያለበት ግን ይሠራል። ስትጠይቁም ሰፊ ነገር አትጠይቁ። «ጋሼ፣ እስከ ገና ድረስ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቼ ያዘዙኝን ልሥራ፤ ደመወዝ አልጠይቅም፣ ስሳሳት ብቻ ይንገሩኝ» ማለት ብዙ በር ይከፍታል። ምሳና ትራንስፖርት የሚሸፍን ገንዘብ ቢሰጧችሁ ተቀበሉ፤ ያለ ምንም ክፍያ ከአንድ ወቅት በላይ መሥራት ግን አልመክርም፤ መማር ቀርቶ ጉልበት መበዝበዝ ይሆናልና።

በሴቶች ላይ ይህ ሁሉ ይከብዳል፤ ይህን ሳይጠቅስ የሚያልፍ ምክር ለግማሹ አንባቢ የተጻፈ አይደለም። ውኃ መቅዳቱ፣ ጋገራው፣ ታናናሾችን መያዙ ተደምሮ የቀረው ጊዜ ትንሽ ነው፤ ከዚያም ላይ የጋብቻ ጥያቄ ይመጣል። ስለዚህ ሙከራውን ከመጀመራችሁ በፊት የትኛው ሥራ ለማን እንደሚተላለፍ ከእናት ወይም ከእኅት ጋር ተነጋገሩ፤ ከተቻለ ከአንዲት ጓደኛ ጋር ሆናችሁ ሁለት ሁኑ፤ በማታ መመለስን የሚጠይቅ ቦታ አትምረጡ። ወንድሞች ደግሞ በቤት ውስጥ እኅታቸው የምታደርገውን ከፊሉን መውሰድ ይገባቸዋል፤ ይህን የምለው ለጨዋነት ብቻ ሳይሆን፣ አለዚያ የእሷ ሙከራ ስለማይፈጸም ነው።

በየሳምንቱ መጨረሻ በደብተሩ ላይ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ፤ ምን ሠራሁ፣ ምን ተማርሁ፣ ምን ከበደኝ። በመሀል መተው አይፈቀድም፤ የሚፈቀደው ሕመም፣ አደጋ ወይም የሚያዋርድና የሚጎዳ አሠሪ ሲያጋጥም ብቻ ነው። በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ መሰልቸት ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ «ይህ የኔ አይደለም» የሚለው ስሜት እውነት ይመስላል፤ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፣ ፍርዱን ግን ለገና አቆዩት።

ገና ሲደርስ

«ወደድሁት ወይስ ጠላሁት?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያሳውቅም፤ መውደድ በዕለቱ ስሜት፣ በጓደኛ፣ በአለቃ ጠባይ ይለዋወጣል። እኔ የማምንባቸው ምልክቶች ሌሎች ናቸው። ዋናው በገዛ ሥራችሁ ጉድለት መበሳጨት መጀመራችሁ ነው፤ ሌላ ሰው ሳያየው ያልተስተካከለውን ብየዳ ዳግመኛ ከሠራችሁት፣ ልጁ ያልገባውን ትምህርት ማታ በሌላ መንገድ ለማስረዳት ካሰባችሁ፣ ሥራው ውስጣችሁ ገብቷል ማለት ነው። ሌላው ሰዎች ከታዘዘው ውጭ እናንተን መፈለግ መጀመራቸው ነው። ከዚህም ጋር የሥራውን አሰልቺ ክፍል መሸከም መቻላችሁን ተመልከቱ፤ ሁሉም ሥራ አሰልቺ ክፍል አለው፣ መዝጋቢው አኃዝ ይገለብጣል፣ መምህሩ ደብተር ያርማል፣ መካኒኩ ዘይት ይጠርጋል፤ ዓላማ የሚሆነው አሰልቺው ክፍል የሚቻልበት ሥራ ነው።

ምልክቶቹ ካሉ የሚቀጥለው እርምጃ ጥልቀት ነው። ሙያ ከሆነ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተመዝግባችሁ የሙያ ብቃት ምዘና እስክትወስዱ ቀጥሉ፤ ማስተማር ወይም ጤና ከሆነ የሚያስገባውን ኮሌጅ መስፈርት ጠይቁ፤ ንግድ ከሆነ ከእቁብ በሚገኝ ትንሽ ገንዘብ ጀምሩ። ብድር በዚህ ደረጃ አይመከርም።

እንጀራና ዓላማ

ሥራ እያላቸው ቀናቸው ባዶ ለሆነባቸው የሚከተለውን እላለሁ። እንጀራና ዓላማ በአንድ ሥራ ውስጥ እስኪገናኙ መጠበቅ ብዙ ሰው ከሁለቱም እንዲያጣ ያደርጋል። በብርድ ልብስ ፋብሪካ ወይም በኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ደመወዙ ቤተሰብ የሚያስተዳድርበት፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሚያስተምራቸው ልጆች ደግሞ ሕይወቱን የሚሰጥበት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህ ጉድለት አይደለም። መደበኛ ሥራን ለቆ መውጣት የሚታሰበው ቢያንስ ሁለት ሙከራዎች አልቀው፣ ለጥቂት ወራት የሚሆን ስንቅ ተይዞ ነው።

በጅቡቲ በኩል ወይም በሌላ መንገድ ለመሰደድ የሚያስብን ወጣት ሐሳብም እንደ ሞኝነት ማየት ፍትሐዊ አይደለም፤ ችግሩ እውነተኛ ነው። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ለደላላ ሊከፈል የታሰበው ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት አንድ ወቅት እዚሁ ይሞከር። በደላላ የሚደረገው የበረሃና የባሕር ጉዞ ሕይወት እንደሚያስከፍል በየመንደሩ የሚታወቅ ነው። በሕጋዊ መንገድ የሥራ ውል ይዞ መሄድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱም ቢሆን ምን ለመሥራት እንደሚመለሱ ታስቦ ቢሆን ይሻላል።

ከወላጆች ጋር መነጋገር

«ልጄ ተምሮ ይጦረኛል» ብለው ያሳደጉ ወላጆች ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ ጋራዥ ሲገባ ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ምኞታችሁን አስቀድማችሁ ማስረዳት ብዙም አይሠራም፤ ጊዜ መጠየቅ ይሻላል። «አባዬ፣ እስከ ገና ጊዜ ይስጡኝ። በዚህ መሀል የቤቱን ሥራ አላጓድልም። ገና ሲደርስ የሠራሁትን አሳይዎታለሁ፤ ያን ጊዜ አብረን እንወስናለን» የሚል ልጅ አባቱን ወደ ምክር ይጠራዋል። ነገሩ ከከረረ ደግሞ የአካባቢያችን ልማድ ያለው መፍትሔ ሽማግሌ መላክ ነው፤ አጎት፣ የንስሐ አባት፣ ወይም አባታችሁ የሚያከብሩት ጎረቤት ቢገባበት ልጅ የተናገረው የማይሰማ ቃል ይሰማል። ሽማግሌውን ከመላካችሁ በፊት ደብተራችሁን አሳዩት፤ የሚናገረው ነገር በእጁ ይኑር።

ሙከራው ግልጽ መልስ ካልሰጠ፣ ሁለተኛ ወቅት እስከ ፋሲካ ድረስ ለምኑና ቀጥሉ። በዚህ ጊዜ የምትለውጡት አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ወይ ሥራው፣ ወይ ቦታው፣ ወይ የምትሠሩለት ሰው። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ከተለወጡ የቀድሞው ያልተሳካው በየትኛው ምክንያት እንደነበር ማወቅ አይቻልም። የማስተማሩ ሥራ አሰልቺ የሆነባት ልጅ ለምሳሌ እዚያው ትምህርት ቤት ሆና ከሕፃናቱ ይልቅ የጎልማሶችን ንባብ ብትሞክር፣ የከበዳት ማስተማሩ ይሁን የተማሪዎቹ ዕድሜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታውቀዋለች።